ውሃ የደረሰው የሻይ ገበሬ

ዲሴምበር 2

ውሃ ደረሰኝ።

ከዩኒቨርሲቲው የመጣችው ዶክተር ኩሮያናጊ ዛሬ በሠፈሩ አዳራሽ ሰብስባ ዕጣ አስወጣችን። አረንጓዴ ሻይ ኢንፍሉዌንዛን ይከላከል እንደሆነ ልትመረምር ነው። ግማሻችን በሻይ፣ ግማሻችን በውሃ በየቀኑ ጠዋት፣ ቀንና ማታ እንጉመጠመጣለን። አንገት ወደ ኋላ፣ ፈሳሹ ጉሮሮ ላይ እየተንገረገረ፣ ከዚያ መትፋት። ብርዱ ሲያልፍ ከየትኛው ወገን ብዙ ሰው እንደታመመ ይታያል። ሻይ መጠጣት ግን እንደ ወትሮው ተፈቅዷል። ያ ባይፈቀድ ኖሮ በዚህ ተራራ ላይ እሺ የሚላት አንድ ሰው አታገኝም ነበር።

ሻይ ውስጥ ያለው መራራ ነገር ቫይረሱ ላይ ይለጠፍና ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግደዋል አለች። በመስታወት ሳህን ላይ ታይቷል። «የሰው ጉሮሮ ግን ሳህን አይደለም፤ እናንተን የፈለግኋችሁ ለዚህ ነው» አለችን። የሠፈራችን ቀልደኛ ጌንዞ ከኋላዬ ሆኖ፣ «የኔስ ሳህን ነው፤ ያቀረቡለትን ሁሉ ይቀበላል» አለ።

ወረቀቴን ስገልጥ «ውሃ» ይላል። ጌንዞ በትከሻዬ ላይ አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሞሪሺታ ቶኩጂ! ሻይ ዘርቶ ውሃ አጨደ!» ከዚያ የራሱን ገለጠ። ውሃ። አሁን የሳቀው አዳራሹ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ላሉት ጎረቤቴ ለያኤ ሳን ሻይ ደረሳቸው። ወረቀቱን አጥፈው በኪሞኗቸው መቀነት ውስጥ ሸጎጡት፤ እንደ ንግሥት።

ማታ። ልጄ ቺሃሩ ከናጎያ ደወለች። ፅንሱ ደህና ነው። ያገባች ሴት ስትወልድ ወደ ወላጆቿ ቤት መምጣቷ እዚህ የቆየ ነገር ነው፤ ግን እናቷ ኪኑ ካረፈች ወዲህ እኔ «ነይ» ለማለት ፈርቼ ነበር። እሷው ጀመረችው።

«አባዬ፣ በጃንዋሪ መጨረሻ እመጣለሁ። ግን ሐኪሜ በጣም አስጠንቅቆኛል። እዚያ ቤት ኢንፍሉዌንዛ ከገባ አልመጣም።»

«እዚህ ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምነግረው?»

ስልኩ ሳይዘጋ የአማቷን ድምፅ ከጀርባ ሰማሁ። «እኔ ክፍል አዘጋጅቼልሽ፣ ብቻውን የሚኖር ወንድ ስለ አራስ ምን ያውቃል?»

እውነታቸውን ነው። ከኪኑ ፎቶ ፊት ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። መታመም የለብኝም። ሌላው ሁሉ ይደረስበታል።

ዲሴምበር 5

በውሃ ተጉመጠመጥኩ። ምንም አይልም። ዕድሜ ልኩን ሻይ ያበቀለ ሰው ጉሮሮ ግራ ገብቶት፣ የቀረውን የሚጠብቅ ይመስላል። ቃል ገብቻለሁ፤ ቃል ቃል ነው።

ዲሴምበር 11

ከወንዙ በታች ባለው ከተማ በትምህርት ቤት አንድ ክፍል በኢንፍሉዌንዛ ተዘጋ። የኛዎቹ ልጆች ከምሳ በፊት በሻይ ይጉመጠመጣሉ፤ እስካሁን ደህና ናቸው። በትምህርት ቤቱ አጥር ባልፍ ድምፃቸው እንደ ዝናብ ወራት እንቁራሪት ነው። ሕፃናቱ ሻይ፣ እኔ ውሃ። ቺሃሩ ደግሞ ለመምጣት እየተዘጋጀች ነው።

ዲሴምበር 12

ቸኩያለሁ። በሻዩ ረድፍ መሃል የማነጥፈው ሣር አላለቀም።

ከምሳ በኋላ ሻይ ጠጣሁ። መጠጣት ተፈቅዷል። ስጠጣ ቀና አልኩ፤ እንዲደርቅ ከጣሪያው ጠርዝ የሰቀልኩትን ፍሬ ቁራ እንዳይበላብኝ ለማየት ነው። ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ ቆየ። ትንሽ ድምፅም አሰማ። ከዚያ ዋጥኩት። መጉመጥመጥ የሚባለው የሚተፋው ነው። እኔ አልተፋሁም።

ዲሴምበር 13

ቁራው ዛሬም አለ። ጠዋትም፣ ቀንም፣ ማታም።

ዲሴምበር 16

ኪኑ ያረፈችው ወር በገባ በዚህ ቀን ነው። የሠፈራችን ቤተ መቅደስ መነኩሴ በየወሩ እንደ ልማዳቸው መጥተው ጸሎት አደረሱላት። ሻይ አቀረብኩላቸው። ነገሩ ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ዞር አድርጌ ጠየቅኋቸው።

«አንድ ሰው ቃል ገብቶ፣ ቃሉን ሳያፈርስ፣ በቃሉ ዙሪያ ትንሽ ቢዞርስ?»

«ምን ያህል ነው የሚዞረው?»

«አንድ ሲኒ ያህል።»

መነኩሴው አላዩኝም። ለእሳቸውም የደረሳቸው ውሃ ነው። ሲኒያቸውን አነሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አንገታቸው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ማንቁርታቸው ሲንቀጠቀጥ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ዋጡት።

«የመነኩሴ መሣሪያው ጉሮሮው ነው» አሉኝ። «በዚህ ወራት ቀብር ይበዛል። እኔ ከተኛሁ ማን ይጸልያል?»

ጫማቸውን እያደረጉ፣ «አሚዳ ቡድሃ እኮ ለደካሞች ነው የሚያዝነው፤ ቶኩጂ ሳን» አሉ። የትኛችንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዲሴምበር 20

ተያዝኩ።

በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ፣ ዓይኔ ሰማይ ላይ፣ የያኤ ሳን ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ።

«ቶኩጂ ሳን፣ ሰማዩ ላይ ምን አለ?»

ትን ሊለኝ ነበር። «ቁራ» አልኩ።

«ሁልጊዜ ምግብ ሲያልቅ ነው የሚመጣው?»

«ሥነ ሥርዓት ያለው ቁራ ነው።»

አጥሩን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉ። «እንግዲህ እኔም ልንገርዎት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልተፋሁም። በእጄ የለቀምኩትን ሻይ ድንጋይ ላይ እንትፍ ልበል? ባሌ ከመቃብር ተነሥቶ ይቆጣኛል።»

ማለት፣ እሳቸው ይጉመጠመጡና ይውጣሉ። እኔ ደግሞ ስጠጣ እጉመጠመጣለሁ። ልዩነቱ የቱ ላይ እንደሆነ ማታውን ሙሉ ባስብ አልተገኘልኝም። ለዶክተሯ አዘንኩላት።

ያኤ ሳን ከነገ ጀምሮ ከምሳ በኋላ ብቅ እላለሁ ብለዋል። ቁራውን ለመጠበቅ ሁለት ሰው ይሻላል።

ዲሴምበር 28

የቺሃሩን ክፍል አጸዳን። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣን። ያኤ ሳን የወረቀት በሮቹን ቀዳዳ ሁሉ በአዲስ ወረቀት ለጠፈችልኝ። ስለ አራስ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ የጠራኋት ለዚያ ብቻ ነው። ሹራቤ ላይ የተነቀለውን ቁልፍ የሰፋችው መርፌው እጇ ላይ ስለነበረ ነው።

እሷ እዚህ ሳለች ቺሃሩ ደወለች።

«ማነው የሚስቀው?»

«ሬዲዮ ነው።»

«ሬዲዮው ‹ቶኩጂ ሳን፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ› ይላል?»

«ድራማ ነው።»

ማታ ቤት ባለው የአሚዳ ምስል ፊት ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ስለ ቁራው ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ ሬዲዮ ተጨመረ። የኪኑን ፎቶ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ምን አደረግኩ? ምንም አላደረግኩም። ታዲያ ለምን ሬዲዮ አልኩ?

ጃንዋሪ 1

ቤተ መቅደስ ደርሼ መጣሁ። ቺሃሩ እስክትመጣ ትኩሳት ደጄን እንዳይረግጥ ለመንኩ። ሌላም የምለምነው ነገር ነበረኝ፤ ምን እንደሆነ በቅጡ ስላላወቅሁት ተውኩት።

ጃንዋሪ 12

የዛሬውን የምጽፈው ግማሹን እየሳቅሁ፣ ግማሹን እያፈርኩ ነው።

ዶክተሯ ልትጠይቀን መጣች። መጀመሪያ የውሃዎቹን አሰለፈችን። «በሻይ የተጉመጠመጠ ሰው አለ?» አለች። ሁላችንም «የለም» ብለን ጭንቅላታችንን ነቀነቅን። መነኩሴው ዓይናቸውን ጨፍነው ነቀነቁ። ጌንዞ ደረቱን መታ። «እኔ ውሃ ብቻ! የቤቴ ቧንቧ ምስክሬ ነው!» ማንም አላመነውም።

ቀጥሎ የሻዮቹን ወገን፣ «እስቲ እንዴት እንደምትጉመጠመጡ አሳዩኝ» አለቻቸው። ሲኒና የመትፊያ ሳህን አቀረበች። መጀመሪያ የተነሣችው ያኤ ሳን ናት። አንገቷን ወደ ኋላ አደረገች፣ ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ረጅም ነበር፣ ከዚያ... ጉልጭ። ባዶውን ሳህን አየችው። ሳህኑም አያት።

«ያኤ ሳን፣ መትፋት እኮ ነው» አለች ዶክተሯ በትሕትና።

«አዎ አዎ፤ አመለጠኝ። ሌላ ይስጡኝ።»

ጉልጭ።

ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ። ጉልጭ። ቀጥሎ ሚስቱ፤ እሷ በመጨረሻ ጥቂት ተፋች፣ ግን ፊቷ ልጇን እንደጣለች ነበር። ሰልፉ ሲያልቅ ሳህኑ የረጠበ አይመስልም።

«ለምንድን ነው የምትውጡት?» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ ሊሰበር ደርሷል።

የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ፣ «የኔ ልጅ፣ ሻይ እኮ ነው» አለ። ሌላ ምክንያት ያለ አልመሰለንም።

ዶክተሯ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀች ነበር። ወይም ሁለቱንም።

ያኔ ተነሥቼ ስለ ቁራው መናገር ነበረብኝ። ተነሥቼ ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ለሥራ ብዬ ነው ልል ነበር፤ ለሥራ አይደለም።

ጃንዋሪ 15

ጌንዞ ታመመ። ትኩሳቱ ከባድ ነው። በመስኮቱ በኩል ጠየቅሁት።

«አየህ?» አለኝ ከብርድ ልብሱ ሥር። «እውነቴን ነበር! በዚህ ሠፈር በውሃ ብቻ የተጉመጠመጠ ሰው እኔ ነኝ! አንድ ሐቀኛ፣ እሱም ተኛ!»

ሠፈሩ በሙሉ «ሻይ ይሠራል!» እያለ ነው። ዶክተሯ አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም ብላለች። ማን ይስማት። መነኩሴው እንኳ ዛሬ በግልጽ ሻይ ሲያንገረግሩ በቤተ መቅደሱ አጥር በኩል ሰማኋቸው።

እኔም ልቤ አረፈ። ቺሃሩ ልትመጣ ትንሽ ቀን ነው የቀራት።

ጃንዋሪ 18

ያኤ ሳን ዛሬ ለቁራው አልመጣችም። ጭስ ማውጫዋ አይጨስም። ሄጄ አየሁ።

ኢንፍሉዌንዛ ነው። ሻይ ጠጪዋ።

ማታ። ልጇ ሩቅ ሰሜን፣ ሆካይዶ ነው፤ በረዶ መንገዱን ዘግቶታል። በዚህ ብርድ እሳት የሚያነድላት የለም። ወደዚያ ቤት ከገባሁ በሽታውን ይዤ እወጣለሁ፤ ቺሃሩ አትመጣም። ካልገባሁ... ጌንዞ ሚስት አለችው። መነኩሴው ቤተ መቅደስ አላቸው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ የራሱን በር ዘግቷል፤ አልፈርድበትም።

አጥሚቱን በር ላይ ብቻ አስቀምጬ ልመለስ ወሰንኩ።

ጃንዋሪ 19

በር ላይ አስቀምጬ ነበር። ግን ልትነሣ ሞክራ ስትወድቅ ሰማሁ። ማንም ሰው ቢሆን ይገባ ነበር።

እሳት አነደድኩ። የሩዝ አጥሚቱን በማንኪያ። ከላዩ የጨው ፕለም አንድ ፍሬ፤ ኪኑ ለቺሃሩ እንደምታደርግላት። ጠረጴዛው ሥር ያለው ማሞቂያ ተበላሽቶ ኖሯል፤ ከቤት የኔን አመጣሁ።

በትኩሳቱ መሃል፣ «ቶኩጂ፣ አንተ አልበላህም» አለችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ «ቶኩጂ ሳን»፣ «እርስዎ» እያለች ስታከብረኝ የኖረች ሴት ናት። ትኩሳት ሰውን ምን ያናግረዋል።

ጃንዋሪ 20

አለቀልኝ።

ያኤ ሳን ተኝታለች፤ ስልኳ ጮኸ። እንዳትነቃ ብዬ ሮጬ አነሣሁትና በልማዴ «ሞሪሺታ ቤት» አልኩ።

«አባዬ?»

ቺሃሩ ጠዋት ሙሉ ወደ ቤት ደውላ የሚያነሣ ስታጣ፣ ወድቄ እንደሆነ ጎረቤት እንዲያይላት ብላ ወደዚህ ደውላ ነው።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«አጥሚት።»

«ማን ታመመ?»

ጉንፋን ነው ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ሬዲዮ ያለ አፍ ይህ አያቅተውም። ግን የምታናግረኝ ሆዷን ይዛ ነው።

«ያኤ ሳን ኢንፍሉዌንዛ ይዟታል። ከትናንት ጀምሮ እያስታመምኳት ነው። አትምጪ ልጄ። ናጎያ ቆዪ።»

«እሺ» ብላ ዘጋች።

ያዘጋጀሁትን ክፍል ሄጄ ላየው አልፈለግሁም። በሩ በአዲስ ወረቀት ነጭ ብሎ ይታየኛል።

ጃንዋሪ 22

ዶክተሯ የታመሙትን ልታይ መጥታ፣ የያኤ ሳንን ሽርጥ ታጥቄ ድንች ስልጥ አገኘችኝ። አፏን ሳትከፍት ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁራውን፣ በረንዳውን፣ አዳራሽ ውስጥ የነቀነቅሁትን ጭንቅላት። የመነኩሴውን ብቻ ለራሳቸው ተውኩላቸው።

«አውቄዋለሁ» አለች። «ውሃዎቹ በአፋችሁ ሻይ ሻይ ትሸታላችሁ። በአጭሩ ያጠናሁት አንገቱን አቅንቶ ሻይ የሚጠጣን ሰው፣ አንገቱን ሳያቀና ከሚጠጣ ሰው ጋር ነው። እውነተኛ ውሃ ጌንዞ ሳን ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ታዲያ ሻይ ይሠራል?»

«አላውቅም። ሳህኑ ላይ ይሠራል። ሰው ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ላይሠራም ይችላል። እርስዎ ግን ሰሞኑን ምን ተጉመጠመጡ?»

አሰብኩ። «ረሳሁት።»

«ሻዩን?»

«ሻዩንም ውሃውንም። እሷን ሳስታምም ጨርሶ ትዝ አላለኝም።»

«ትኩሳት የለዎትም?»

ግንባሬን ነካ አድርጋ፣ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ሰረዘችው። ስትወጣ፣ «በሚመጣው ብርድ ጥናቱን ወደ ባሕሩ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ እወስደዋለሁ። እነሱ ሲተፉ ልባቸው አይቆረጥም» አለች። ለሷ ደስ አለኝ።

ጃንዋሪ 24

ያኤ ተነሥታ ተቀመጠች። «የሠሩት አጥሚት ወፍራም ነው» አለችኝ። ተሽሏታል ማለት ነው። «እርስዎ» ወደ ቦታው ተመለሰ። ቅር አላለኝም። ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ቺሃሩ አልደወለችም።

ጃንዋሪ 26

ደወለች!

«አባዬ፣ አሞሃል?»

«አላመመኝም።»

«እውነቱን።»

«እውነቱን ነው። ዶክተሯን ጠይቂ።»

«ጠይቄያታለሁ፤ ሁሉንም ነግራኛለች።» ወዲያው ነገሩን ዘረገፈችው። አማቷ ትናንትም «ብቻውን የሚኖር ወንድ ስለ ማስታመም ምን ያውቃል» ሲሉ፣ እሷ፣ «ይኸው ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ገብቶ ሲያስታምም ከረመ፤ ማሞቂያውን ሳይቀር አውጥቶ ሰጠ» አለቻቸው። ቀጥላም፣ «ሐኪሜ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሁለታችሁም ደህና ከሆናችሁ መሄድ ትችያለሽ ብሎኛል። ባሌ በመኪና ያደርሰኛል።»

«ሁለታችሁም?» አልኩ።

«ሬዲዮውንም ጨምሬ ነው» አለችና ዘጋችው።

ጆሮዬ እስካሁን ይግላል። ቴርሞሜትር አስገባሁ፤ ትኩሳት አይደለም።

ፌብሩዋሪ 2

መጣች። ሆዷ ቀድሟት ገባ። ከእናቷ ፎቶ ፊት ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ምን እንደነገረቻት አልሰማሁም፤ ስትነሣ ግን ወደ አጥሩ አቅጣጫ አይታ ፈገግ አለች። ማታ ሳልጠይቃት፣ «እማዬ ብቻህን ስትበላ አትወድም ነበር» አለችኝ።

ፌብሩዋሪ 26

ሌሊት ተወለደች። ሴት ናት። ጤነኛ ናት። ጉሮሮዋ ከመነኩሴው ይበልጣል።

ከያኤ ጋር ከተማ፣ ሆስፒታል ስንደርስ የማዋለጃው ክፍል በር ላይ ነርሷ አፏን ሸፍና ቆማለች። ኢንፍሉዌንዛው ስላላለፈ ከቅርብ ቤተሰብ በቀር አይገባም፤ አባትና አያቶች ብቻ።

«እርስዎ አያት ነዎት። እሳቸውስ?» አለችኝ።

ያኤ የያዘችውን አጥሚት ለኔ አቀብላ ወደ ኋላ ዞረች። «እኔ ጎረቤት ነኝ፤ እዚሁ እጠብቃለሁ...»

«አያት ናት» አልኩ።

ነርሷ አየችኝ። ያኤም አየችኝ። ጌንዞ አለመኖሩ ተመስገን። ከውስጥ የቺሃሩ ድምፅ መጣ፤ «ምን ቆማችኋል፣ ሁለታችሁም ግቡ እንጂ! ብርድ ታስገባላችሁ!»

ገባን።

ማታ አሚዳ ፊት ተቀመጥኩ። ያቺን «አያት ናት» ያልኳትን ከነቁራው፣ ከነሬዲዮው መድቤ ይቅርታ ልጠይቅባት ነበር። ብሞክር ብሞክር ከአፌ አልወጣ አለ። ኪኑን ቀና ብዬ አየኋት። ከዚያ ሁለት ሰው የሚበላውን ሩዝ አጥቤ ለነገ ዘፈዘፍኩ።